43 ሰው «አሪፍ ነው» ካለ በኋላ፦ ለመመረቂያ ዶክመንተሪ አስተያየት እንዴት ይሰበሰባል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የ4ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። 5 ሆነን ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የ14 ደቂቃ ዶክመንተሪ ሠራን። ክፍል ውስጥ አሳይተን በጎግል ፎርም አስተያየት ሰበሰብን፤ 43 ሰው ሞልቶ አማካዩ ከ5 4.6 መጣ። ከዚያ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። እዚያ አንዱ ረዝሟል ይላል፣ ሌላው አጥሯል ይላል። አንዱ ሙዚቃው ይረብሻል፣ ሌላው ልብ ይነካል ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ‹ሁሉንም ሸማኔ ዶርዜ አትበሉ› ብሎ ተቆጣ። አማካሪያችን አይተውት ‹ታሪኩ የታለ?› ብቻ አሉን። ለማስረከብ 3 ሳምንት ቀርቶናል። የማንን አስተያየት እንቀበል? ሪፖርቱ ላይስ የተመልካች አስተያየት የሚለውን ክፍል እንዴት እንጻፈው?»

መጀመሪያ 4.6ቱን እርሱት።

ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ልጆቹ ከልባቸው ሞልተውት ይሆናል። ግን ማን እንደሞላው አስቡ። አራት ዓመት አብሯችሁ የተማረ፣ አብሯችሁ ካፌ የበላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የራሱን ፊልም ለእናንተ የሚያሳይ ልጅ ነው። እሱ 5 ሲሰጥ ለፊልሙ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፣ ለእናንተም ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው በዝቶበታል የሚል አለ? ይሉኝታ አለብን። ይሄ ደግሞ ክፋት የለውም፣ አብረን የምንኖርበት ነገር ነው። ፊልም ለማስተካከል ግን አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። የክፍል ጓደኞቻችሁ ፕሮፖዛላችሁን ስታቀርቡ ሰምተዋል። ቀረጻ ወጥታችሁ ስትመለሱ ያጋጠማችሁን አውርታችሁላቸዋል። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ የጎደለውን ከራሳቸው እየሞሉ ነው ያዩት። ሽሮ ሜዳን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንደዚያ አያይም።

ፎርሙም ራሱ ችግር ነው። የእናንተን አላየሁትም፣ ግን ተማሪዎች የሚያመጡልኝ ፎርሞች ይመሳሰላሉ። «ዶክመንተሪው አስተማሪ ነበር?» «የቀረጻው ጥራት እንዴት ነው?» «ሌሎች እንዲያዩት ይመክራሉ?» እነዚህ መልሳቸውን ይዘው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። አስተማሪ አልነበረም ማለት ክፉ እንደሚያስመስል ሁሉም ያውቃል። ደግሞስ «የቀረጻው ጥራት 4 ነው» ቢላችሁ፣ ነገ ኤዲቲንግ ላይ ቁጭ ስትሉ ምን ታደርጉበታላችሁ? የቱ ቀረጻ? ስንተኛው ደቂቃ ላይ? እዚህ ጋ ቁረጥ፣ እዚያ ጋ ጨምር የማያስብል መልስ ሺህ ሰው ቢሞላውም ያው ነው።

አሁን «የማንን እንቀበል?» ወደሚለው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አስተያየት የምርጫ ድምፅ አይደለም፣ ተቆጥሮ አብላጫው አይወሰድም። ፊልማችሁ ስለ ሸማኔ ነውና ከዚያው ላምጣው። ነጠላ ያሠራች ሴት «ከበደኝ» ብላ ብትመልስለት ስሜቷ ትክክል ነው፣ ትከሻዋ ላይ ያደረገችው እሷ ናት። «ጥለቱን ቀንስልኝ፣ እሱ ነው ያከበደው» ብትለው ግን ሸማኔው ዝም ብሎ ጥለቱን አይቀንስም። ክሩ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ማጉን አጥብቆ መትቶት ሊሆን ይችላል። ክብደቱን የምትነግረው እሷ ናት፣ ምክንያቱን የሚያገኘው እሱ ነው። ተመልካችም እንደዚሁ ነው። የት ጋ እንደሰለቸው፣ የት ጋ ግራ እንደገባው፣ የት ጋ እንባው እንደመጣ ሲነግራችሁ እመኑት። «እዚህ ጋ ድሮን ጨምሩበት»፣ «ተራኪዋ ሴት ብትሆን» ሲላችሁ ግን ያንን ያስባለው ምን እንደሆነ ፈልጉ እንጂ ወዲያው አትታዘዙት።

በዚህ ዓይን «ረዝሟል» እና «አጥሯል» የሚሉትን እዩአቸው። የሚጋጩ ይመስላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም የአንድ ችግር ምልክት ናቸው። የተማሪ ዶክመንተሪ መግቢያው ይንዛዛል። ከተማው ከላይ ይታያል፣ ታክሲ ያልፋል፣ ተራኪው «ኢትዮጵያ የብዙ ባህሎች ባለቤት ናት» ብሎ ይጀምራል፣ 2 ደቂቃ አልፎ ገና አንድ ሰው አልተዋወቅንም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ባለታሪኩን ልክ እየወደድነው ስንመጣ ክሬዲቱ ይወርዳል። እና አንዱ መግቢያውን እያሰበ ረዘመ ይላል፣ ሌላው መጨረሻውን እያሰበ አጠረ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። 14 ደቂቃው 14 ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ የተዛባው ደቂቃዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው።

አማካሪያችሁ «ታሪኩ የታለ?» ያሉትም ከዚህ ጋር ይገጥማል ብዬ እገምታለሁ። ስለ ሸማኔዎች የተሠራ ፊልም ርዕሰ ጉዳይ አለው፣ ታሪክ ግን ላይኖረው ይችላል። የክር ዋጋ የጨመረበት፣ ልጁ ሙያውን መውረስ ያልፈለገ፣ ለበዓል የታዘዘ ቀሚስ ማድረስ ያለበት አንድ ሸማኔ ታሪክ አለው። የሚፈልገው ነገር አለ፣ የሚያግደው ነገር አለ፣ እኛም ይደርስለት ይሆን ብለን እንቀመጣለን። እና አስተውሉ፦ አማካሪያችሁና ዩቲዩብ ላይ «ረዝሟል» ያለው ሰው አይተዋወቁም። የማይተዋወቁ ሰዎች በየራሳቸው አነጋገር አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ እዚያ ነገር አለ። እኔ ብሆን ከ43ቱ ፎርም ይልቅ ይህንን ነው የምይዘው።

ሙዚቃው ላይ ደግሞ ሁለቱን ሰዎች ከማወዳደራችሁ በፊት በምን እንደሰሙት ጠይቁ። ክፍል ውስጥ በትልቅ ስፒከር ነው የተሰማው። ዩቲዩብ ላይ ያየው ሰው ምናልባት ታክሲ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አያወጣም። ለምሳሌ ከንግግር ጀርባ በገና አስገብታችሁ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ያ ወፍራም ድምፅ ከሥር ሆኖ ደረት ይሞላል፣ ንግግሩን ብዙም አይነካውም። በስልክ ግን ወፍራሙ ይጠፋና እንዚራው (ከበገናው ክር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚሰጠው ንዝረት ብቻ ይቀራል፣ እሱ ደግሞ የሰው ድምፅ ያለበት ሠፈር ላይ ያርፋል። ሁለቱም ተመልካቾች እውነታቸውን ነው። የሰሙት ነገር ግን አንድ አልነበረም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከንግግር ጀርባ የሚሄድ ድምፅ ከንግግሩ ቢያንስ 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንዲያንስ ይመክራል። ለመስማት የሚቸገሩ ሰዎችን አስቦ የወጣ ነው፣ ግን ጫጫታ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይሠራል። ከምትወዱት በላይ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በርካሽ ስልክ፣ ያለ ኢርፎን፣ መንገድ ዳር ቆማችሁ ስሙት። ንግግሩ ካመለጣችሁ አሁንም ዝቅ ይበል። ለነገሩ ማጉን በድሩ መሃል የሚያመላልሰው የመወርወሪያው ድምፅ ጥሩ ሆኖ ከተቀረጸላችሁ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሙዚቃ ባይኖር ይሻላል። ሽሮ ሜዳ የራሱ ምት አለው።

«ሁሉንም ዶርዜ አትበሉ» ያለውን ሰው ተቆጣ ብላችሁ አትለፉት። እሱ አንድ ነው፣ ያደነቋችሁ 43 ናቸው። ግን ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸማኔን በደፈናው ዶርዜ ማለት ተለምዷል። ዶርዜ በጋሞ ደጋ ከሚኖሩት ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፣ ከሌሎች የጋሞ አካባቢዎች የመጡ ሸማኔዎችም አሉ፣ ከጋሞ ውጭ የሆነ ሸማኔም አለ። የእውነታ ስህተት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። አንድ ሰው ነገራችሁ፣ አጣራችሁ፣ ልክ ሆነ፤ በቃ ይስተካከላል። ደግሞ ይህ ሙያ ስድብ ሲከተለው የኖረ ሙያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ እናንተ ትረካው ውስጥ ምንም ሳይመስላችሁ ያስገባችሁት ቃል፣ ሸማኔ አባት ላሳደገው ልጅ ቁስል ሊነካ ይችላል። ቁጣውን ወደ ጎን አድርጉና ቃሉን ፈትሹ። ስድብና የብሔር ንትርክ ብቻ የሆነውን ኮሜንት ግን ሰርዙት፣ ጊዜ አታጥፉበት።

ዩቲዩብ ላይ መልቀቃችሁ ትንሽ ችኮላ ነበር። አንዴ የተጫነ ቪዲዮ በተስተካከለ ፋይል አይተካም። አዲስ መጫን አለባችሁ፤ ሊንኩ ይቀየራል፣ ኮሜንቱም የተመልካቹ ቁጥርም ከዜሮ ይጀምራል። ለሙከራ ከሆነ «አንሊስትድ» (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው) አድርጎ ሊንኩን ለመረጣችሁት ሰው መላክ ይበቃ ነበር። አሁን ካለው ግን የሚጠቅመውን አውጡ። የቻናላችሁ መቆጣጠሪያ በሆነው ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንደቆየ የሚያሳይ መስመር አለ። መጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ላይ ቁልቁል ቢወርድ አትደንግጡ፣ ይሄ ቪዲዮ ሁሉ ላይ ያለ ነው። እናንተ የምትፈልጉት መሃል ላይ በድንገት የሚሰበርበትን ቦታ ነው። ወደ ላይ ጉብ ያለበት ቦታ ካለ ሰው መልሶ አይቶታል ማለት ነው፤ ይሄ ግን ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። ወዶት መልሶት ሊሆን ይችላል፣ ንግግሩ አልሰማ ብሎትም ሊሆን ይችላል። ያየው ሰው መቶና ሁለት መቶ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በጥቂት ሰው ነው የሚወዛወዘው፣ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አታድርጉት። የቴሌግራሙ የዓይን ምልክት ከዚህም ያነሰ ነው። ፖስቱ ስክሪን ላይ መታየቱን ነው የሚቆጥረው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ማየቱን አይነግራችሁም። «በቴሌግራም ይህን ያህል ሰው አይቶታል» ብላችሁ ሪፖርት ላይ እንዳትጽፉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? 5 ሰው ፈልጉ። 50 አይደለም፣ 5። የማያውቋችሁ ይሁኑ፣ አንድ በአንድ አሳዩአቸው።

5 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የአንድን ሶፍትዌር ችግሮች ለማግኘት ስንት ሞካሪ እንደሚያስፈልግ አስልተው ነበር። አንድ ሰው በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ካገኘ፣ 5 ሰው ተደምሮ ወደ 85 በመቶ ይደርሳል። ስድስተኛውና ሰባተኛው በአብዛኛው የተባለውን ነው የሚደግሙት። ስሌቱ ለሶፍትዌር የተሠራ ስለሆነ ፊልም ላይ ቁጥሩን እንደ ዳዊት አትድገሙት። እኔ ግን ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የማየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስተኛው ሰው እዚያው ደቂቃ ላይ ስልኩን ሲያወጣ አራተኛውን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሌላም ጥቅም አለው። ካስተካከላችሁ በኋላ ፊልሙን ያላየ አዲስ ሰው ያስፈልጋችኋል። አንድ ሰው አንድን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ 43 ሰው በአንድ ቀን ጨርሳችኋል።

ማን ይሁኑ? የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ፣ የሠፈር ባለሱቅ፣ የአከራያችሁ እናት፣ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ለሠርግ ቀሚስ የገዛች ሴት። ሚዲያ የተማረ አይግባ። እሱ ስለ ካሜራ አንግል ያወራችኋል፣ እናንተ የምትፈልጉት ገብቶት እንደሆነ ነው። አንዱ ቢያንስ በስልክ ይየው።

ከዚያ አሳዩና ዝም በሉ። ከባዱ ይሄ ነው። «ድምፁ ገና ነው»፣ «ይሄ ይስተካከላል» እያላችሁ አትጀምሩ። ከጎን ተቀመጡ፣ ፊቱ ላይ አታፍጥጡ። ፊልሙ ሲጀምር ስቶፕዎች አስነሱና ወረቀት ላይ ሰዓቱን ጻፉ፦ 3:40 ስልኩን አየ፣ 5:10 ሳቀ፣ 8:25 «ማነው ይሄ?» አለ። ሰው ይሉኝታ ይዞት በአፉ የማይነግራችሁን በአቀማመጡ ይነግራችኋል።

ሲያልቅ «እንዴት ነው?» አትበሉ። «አሪፍ ነው» ነው የሚመጣው፣ ተመልሳችሁ ክፍላችሁ ገባችሁ ማለት ነው። «ቤት ስትገባ ዛሬ ምን አየህ ብትባል ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?» በሉት። ትልቅ ሰው ከሆኑ «እማማ፣ ይሄንን ለጎረቤትዎ ቢያወሩላቸው ምን ይሏቸዋል?» በሉና አዳምጡ። ታሪኩን መልሰው ሲነግሯችሁ ፊልማችሁ ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ያኔ ትሰማላችሁ። እናንተ ሁለት ቀን የደከማችሁበትን ክፍል ዘለውት ሊያልፉ ይችላሉ። ባለታሪኩ ወንድምየው መስሏቸው ሊሆን ይችላል። አታርሟቸው። ከዚያ 2 ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፦ የት ጋ ጠፋብዎት? የትኛው ቦታ አሁንም ዓይንዎ ላይ አለ? ቢሳሳቱም አትከራከሩ፣ አታስረዱ። አፋችሁን ከፍታችሁ ያስረዳችሁት ነገር ሁሉ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ነው።

ቢቻል ደግሞ እናንተ ራሳችሁ አታሳዩ። ሌላ ዶክመንተሪ ከሚሠራ ቡድን ጋር ተቀያየሩ፣ እነሱ የእናንተን ያሳዩ፣ እናንተ የእነሱን። ተመልካቹ «እኔ አይደለሁም የሠራሁት» ሲባል ምላሱ ይፈታል። ከምመክራቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ይሄ ነው፣ ዋጋውም ምንም ነው።

በራሴ ሥራ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ አጭር ዘገባ ኤዲት አድርጌ ለባልደረቦቼ አሳየሁ፣ ሁሉም ወደዱት። ቢሮው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረችና እረፍት ላይ ላፕቶፑን ይዤላት ሄድኩ። መሃል ላይ «ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?» አለችኝ። ዋናው ባለታሪክ ነው። ስሙ የተጻፈው አንዴ፣ መጀመሪያ ላይ፣ ለ2 ሰከንድ ነበር። በዚያች ቅጽበት እሷ እጁን ነበር የምታየው። ባልደረቦቼ ሰውየውን ስለሚያውቁት ማናቸውም አልጠየቁኝም። ጽሑፉን ወደ 5 ሰከንድ አስረዘምኩት፣ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣም ደገምኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ግን ያለ እሷ እንዲሁ ይተላለፍ ነበር። አሁንም ድረስ አንድ ሥራ ከመዘጋቱ በፊት ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ሳያየው አልለቅም።

ሸማኔዎቹ በጋሞኛ የተናገሩበት ቦታ ካለ፣ ከሥር ያለው ትርጉምም አብሮ ይፈተን። በኢንተርኔት የሚገኘው «በሰከንድ ይህን ያህል ፊደል» የሚለው ልክ ለእንግሊዝኛ የወጣ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ እንዳለ አይሠራም። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሳትጨርሱ ከጠፋ ቃል ቀንሱ። ተመልካቹ የተናጋሪውን ፊት ሳያይ ጽሑፍ ሲያሳድድ ካያችሁም ቀንሱ።

5ቱ ሲያልቁ ማስታወሻዎቹን ጎን ለጎን ዘርጉ። 3 እና ከዚያ በላይ ሰው እዚያው ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ከሰለቸ ወይም ከተምታታበት፣ ያ ቦታ ይነካል፣ ክርክር የለም። የእውነታ ስህተትና ያልተሰማ ንግግር ከሆነ አንድ ሰው ይበቃል። የአንድ ሰው ምርጫ የሆነውን ነገር፣ ቀለሙ እንዲህ ቢሆን፣ ርዕሱ እንዲያ ቢሆን የሚለውን፣ ጻፉና አሳድሩት።

ሁሉንም ተቀበሉ እያልኩ እንዳልሆነ ግን ያዙልኝ። ፊልማችሁ ውስጥ ሸማኔው ዝም ብሎ የሚሠራበት 40 ሰከንድ አለ እንበል። አንዱ ተመልካች እዚያ ጋ ሰለቸው። እናንተ ደግሞ ድካሙን ማሳየት ያለበት ያ ዝምታ ነው ብላችሁ አምናችሁበታል። ተዉት። ግን ከእሱ በፊት ያለው ክፍልም አሰልቺ ከሆነ ዝምታው አይሠራም፣ ሰው እዚያ ሲደርስ ደክሞታል። መጀመሪያ የፊተኛውን አሳጥሩና እንደገና ሞክሩት። ከልምዴ፣ «አውጡት» ተብሎ ከቆየው ክፍል አብዛኛው የዳነው ራሱ ተነክቶ አይደለም፣ ከፊቱ ያለው ተቆርጦ ነው።

የማይቻልም ነገር አለ። አስተያየት ያልቀረጻችሁትን ምስል አይሰጣችሁም። 5ቱም «ልጁ ለምን ሙያውን እንደጠላው አልገባኝም» ቢሉና ልጁን ያነጋገራችሁበት ቀረጻ ከሌለ ኤዲቲንግ አያድናችሁም። አንድ ግማሽ ቀን ሽሮ ሜዳ ተመልሳችሁ ልጁን አነጋግሩት። 3 ሳምንት ለዚያ ይበቃል። ለ2ኛ ባለታሪክ ግን አይበቃም፣ አትሞክሩት።

የቀሩት ተመልካቾች ሸማኔዎቹ ራሳቸው ናቸው። አሳይታችኋቸዋል? ጥያቄያችሁ ውስጥ ስላልጠቀሳችኋቸው ነው። እነሱን ስለ ርዝመትና ስለ ሙዚቃ አትጠይቋቸው። ሥራው በትክክል ታይቷል ወይ፣ ድሩና ማጉ ተምታቷል ወይ፣ ዋጋው ልክ ነው ወይ፣ ሲታይ የሚያሳፍራቸው ቃል አለ ወይ፣ ይሄን ጠይቁ። «ይሄን ባልተናገርኩት» ያለ ሰው ካለ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ለእናንተ አንድ ውጤት ነው፣ እሱ ግን እዚያው ገበያ ውስጥ ሲኖርበት ነው የሚኖረው።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ ያንን የፓይ ቻርት ገጽ አውጡት። ካስገባችሁትም እነማን እንደሞሉት ግልጽ አድርጉ፣ «ተመልካቾች» ሳይሆን «የክፍል ጓደኞቻችን» በሉ። ገምጋሚ ማየት የሚፈልገው መንገዳችሁን ነው፦ ተመልካቹ ምን አለ ወይም ምን አደረገ፣ እኛ ምን ብለን ተረዳነው፣ ምን ለወጥን፣ ከለወጥን በኋላ ሁለተኛዎቹ ተመልካቾች ምን ሆኑ። ከነደቂቃው ጻፉት። «ከ5 ተመልካቾች 4ቱ ከ1:30 በፊት ትኩረታቸው ተበተነ፤ መግቢያውን ከ2:10 ወደ 0:35 አሳጠርን፤ በሁለተኛው ማሳያ 1 ሰው ብቻ ስልኩን አየ» ዓይነት። ይህ ምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ፣ ያልሆነውን እንዳትጽፉ። ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ አስፍሩ። ብዙ ተማሪ ይህንን ይደብቃል፣ እኔ ግን ወረቀት ሳነብ ቡድኑ ማሰቡን የምለየው እዚያ ጋ ነው። ኮሜንት የጻፉ ሰዎችን ስምና ፎቶ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

ውሳኔዬ ይሄ ነው። ፎርሙን ተዉት፣ ሁለተኛ ፎርም አትበትኑ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለ5ቱ ተመልካቾችና ለሸማኔዎቹ ስጡ። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ መግቢያውን ቁረጡ፣ ከዚያ ድምፁን፣ ከዚያ ስምና ትርጉሙን፣ ቀለም መጨረሻ። የድሮውን ፕሮጀክት ላዩ ላይ አትሥሩበት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ቁጥር ስጡት፣ መመለስ የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ለአዲስ 5 ሰው አሳዩ፣ ከዚያ ዝጉት። ከተዘጋ በኋላ ማንም ምንም ቢል አትክፈቱት። የማስረከቢያው ዋዜማ ላይ በአንድ ሰው ቃል የተፈታ ፊልም ድምፁ ከምስሉ ጋር ሳይገጥም ሲቀርብ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዛሬ ማታ የዩቲዩቡን ኮሜንት ገልብጣችሁ አስቀምጡና ቪዲዮውን ፕራይቬት አድርጉት። ነገ የመጀመሪያዋን ተመልካች ፈልጉ፣ ማኪያቶ ጋብዟት፣ ስልኩን ስጧትና ዝም በሉ።